ቮልት፣ አምፔር፣ ኦምና ዋት፦ ካውያው ሲሰካ መብራቱ ለምን ይጠፋል?

ውድ እህቶቼ፣ በዛሬው የዕውቀት ዓምዳችን ላይ ስለ ኤሌክትሪክ ሂሳብ ጥቂት እንማማራለን። «ኧረ በሂሳብ አታድክሚን» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ግን እስቲ አስቡት፤ ከጠዋት እስከ ማታ እጃችን የሚነካው ምንድን ነው? ካውያ፣ የልብስ ማጠቢያ፣ የውሃ ማሞቂያ፣ ቫኪዩም፣ ማይክሮዌቭ። ሁሉም በኮረንቲ ነው የሚሠራው። ብሬከሩ ሲወርድ የምንጠየቀው እኛ፣ ዕቃ ሲቃጠል «አንቺ ነሽ ያበላሸሽው» የምንባለው እኛ፣ ኮረንቲ ሲይዝም መጀመሪያ የሚይዘው እኛን ነው።

ብዙዎቻችን ይህንን ትምህርት በሀገር ቤት በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ አይተነዋል። ፎርሙላውን በእንግሊዝኛ ሸምድደን፣ ተፈትነንበት፣ ከደብተሩ ጋር ትተነው መጣን። አሁን በራሳችን ቋንቋ፣ በምናውቀው ዕቃ እንየው። የሚያስፈልጋችሁ ማባዛትና ማካፈል ብቻ ነው። የሞባይል ካልኩሌተር ካለችሁ ደግሞ ምንም አይከብድም።

1. አራቱ ስሞች

በቤሩት ሕንፃዎች ጣሪያ ላይ የተደረደሩትን የውሃ ታንከሮች ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ኤሌክትሪክንም በእነሱ መስለን እንየው።

ቮልት ማለት ግፊቱ ነው። ታንከሩ ከፍ ባለ ቁጥር ውሃው በኃይል ይወርዳል። በሊባኖስ ሶኬት ውስጥ ያለው ግፊት 220 ቮልት ነው፤ በኢትዮጵያም እንደዚሁ 220 ነው።

አምፔር ማለት የሚፈሰው መጠን ነው። በቧንቧው ውስጥ በአንድ ሴኮንድ ምን ያህል ውሃ ያልፋል እንደማለት ነው። ኮረንት የምንለው ይህ ነው።

ኦም ማለት የእንቅፋቱ መለኪያ ነው። ፈረንጆቹ ሬዚስታንስ ይሉታል። ጎማውን በእጃችሁ ጨመቅ ስታደርጉት ውሃው ይቀንስ የለ? ቀጭን ሽቦም እንዲሁ ኮረንቲውን ያስቸግረዋል።

ዋት ደግሞ ዕቃው በየሴኮንዱ የሚበላው ጉልበት ነው። ካውያ ወደ ሙቀት፣ አምፖል ወደ ብርሃን፣ ቫኪዩም ወደ መሳብ ይለውጠዋል።

ስሞቹ የሰው ስሞች ናቸው። ቮልታ ጣሊያናዊ፣ አምፔር ፈረንሳዊ፣ ዋት የስኮትላንድ ሰው፣ ኦም ደግሞ ጀርመናዊ ነበሩ። ኦም በ1789 (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) ነው የተወለደው። አባቱ ቁልፍ ሠሪ ነበር። ትምህርት ቤት ገብቶ የረባ ነገር ሳይማር በራሱ ጊዜ አንብቦ፣ ልጆቹን ቤት ውስጥ ሂሳብ ያስተማረ አባት ነው። ልጁም አስተማሪ ሆኖ፣ ዛሬ የምንማረውን ሕግ በ1827 በመጽሐፍ አወጣ። በሀገሩ መጀመሪያ ብዙም የሰማው አልነበረም። የእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ የተባለው የሊቃውንት ማኅበር ሜዳሊያ የሰጠው በ1841 ነው፤ ከ14 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

2. ሁለቱ ሕጎች

የመጀመሪያው የኦም ሕግ ነው፦

ኦም = ቮልት ÷ አምፔር

ሁለተኛው የጉልበት ሕግ ነው፦

ዋት = ቮልት × አምፔር

በቃ፣ ይኸው ነው። ከእነዚህ ከሁለቱ ሌላው ሁሉ ይወጣል። ምሳሌ እንሥራ።

ምሳሌ አንድ። አንድ ካውያ 220 ቮልት ላይ ተሰክቶ 10 አምፔር ይስባል እንበል።
እንቅፋቱ፦ 220 ÷ 10 = 22 ኦም
ጉልበቱ፦ 220 × 10 = 2200 ዋት

ምሳሌ ሁለት። አንድ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ በዚያው 220 ቮልት 4 አምፔር ይስባል።
እንቅፋቱ፦ 220 ÷ 4 = 55 ኦም
ጉልበቱ፦ 220 × 4 = 880 ዋት

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። «እንቅፋቱ የበዛ ዕቃ የበለጠ ይሞቃል» ብለን እናስባለን። ቁጥሩ ግን ተቃራኒውን ነው የሚለው። 22 ኦም ያለው ካውያ 55 ኦም ካለው ምድጃ ይበልጥ ይሞቃል። ምክንያቱም የሶኬቱ ግፊት ለሁለቱም አንድ ነው፤ እንቅፋቱ ሲያንስ ብዙ ኮረንቲ ያልፋል፣ ብዙ ኮረንቲ ሲያልፍ ደግሞ ጉልበቱ ይበዛል። እንቅፋቱ ከናካቴው ከጠፋና ሁለቱ ሽቦዎች ከተነካኩ፣ ኮረንቱ ልክ ያጣል፤ «ሾርት ሆነ» የምንለው ይህንን ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ የኦም ሕግ ልክክ ብሎ የሚሠራው እንደ ካውያ፣ ምድጃና ውሃ ማሞቂያ ላሉ የሚያሞቁ ዕቃዎች ነው። ሞተር ያለባቸው፣ እንደ ፍሪጅና ቫኪዩም ያሉት፣ እንዲሁም ኤልኢዲ አምፖልና የሞባይል ቻርጀር ሲለኩ ትንሽ ይለያያሉ። የእነሱን አምፔር ለመገመት ግን ከታች ያለው ሂሳብ ይበቃናል።

3. ዕቃው ላይ የተለጠፈችውን ጽሑፍ ማንበብ

እያንዳንዱ ዕቃ ከጀርባው ወይም ከሥሩ ትንሽ ጽሑፍ አለው። ቁጥር ተጽፎ አጠገቡ የእንግሊዝኛዋ «ቪ» ካለች ቮልት ነው፤ «ኤ» ካለች አምፔር፣ «ደብሊው» ካለች ዋት ነው። የፈረስ ኮቴ የመሰለች ምልክት ካያችሁ ኦም ናት። አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ቮልትና ዋት ብቻ ነው። አምፔሩን ራሳችን እናወጣዋለን፦

አምፔር = ዋት ÷ ቮልት

2000 ዋት የተጻፈበት ካውያ፦ 2000 ÷ 220 = 9.1 አምፔር ገደማ። እንቅፋቱን ከፈለጋችሁ 220 ÷ 9.1 = 24.2 ኦም ገደማ ይሆናል።

በየቤቱ የምናገኛቸውን ዕቃዎች በዚሁ መንገድ አስልቻቸዋለሁ። የእናንተ ቤት ዕቃ ዋቱ ሊለይ ስለሚችል ጽሑፉን አይታችሁ እንደገና ሥሩት።

ካውያ ........ 2000 ዋት ........ 9.1 አምፔር
የልብስ ማጠቢያ (ውሃ ሲያሞቅ) ........ 2000 ዋት ........ 9.1 አምፔር
የፀጉር ማድረቂያ ........ 1800 ዋት ........ 8.2 አምፔር
ቫኪዩም ........ 1600 ዋት ........ 7.3 አምፔር
የሻወር ውሃ ማሞቂያ ........ 1500 ዋት ........ 6.8 አምፔር
ማይክሮዌቭ ........ 1200 ዋት ........ 5.5 አምፔር
ፍሪጅ ........ 150 ዋት ........ 0.7 አምፔር
ቴሌቪዥን ........ 100 ዋት ........ 0.45 አምፔር
ኤልኢዲ አምፖል ........ 10 ዋት ........ 0.05 አምፔር

ምን ታያላችሁ? የሚያሞቁት ሁሉ ከላይ ናቸው። ፍሪጅ ሌት ተቀን ቢሠራም የሚስበው ጥቂት ነው፤ ሞተሩ ሲነሣ ብቻ ለአፍታ ብዙ ይስባል።

4. «ኢሽቲራክ» እና 5 አምፔር

እዚህ ሊባኖስ ያለን ሰዎች ይህንን ክፍል በደንብ እናንብበው። ከ1975 እስከ 1990 ከቆየው የርስ በርስ ጦርነት ወዲህ የመንግሥቱ መብራት ሀያ አራት ሰዓት ኖሮ አያውቅም። በ2021 ጥቅምት ወር ደግሞ ሁለቱ ትልልቅ ማመንጫዎች ነዳጅ አልቆባቸው ቆመው፣ ሀገሩ በሙሉ የመንግሥት መብራት አጥቶ እንደነበር በጊዜው የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ስለዚህ ሰው ሁሉ ከሰፈር ጀኔሬተር በክፍያ ይወስዳል። ይህ «ኢሽቲራክ» የሚባለው በአምፔር ነው የሚሸጠው፤ 5 አምፔር፣ 10 አምፔር እየተባለ።

እንግዲህ እናስላ፦
5 አምፔር፦ 220 × 5 = 1100 ዋት
10 አምፔር፦ 220 × 10 = 2200 ዋት

አያችሁት? 5 አምፔር ባለበት ቤት፣ ሌላው ሁሉ ቢጠፋ እንኳን፣ 2000 ዋት ካውያ ብቻውን 9.1 አምፔር ይፈልጋል። ብሬከሩ መውረዱ ግዴታው ነው፤ የተሠራውም ለዚሁ ነው። እናንተ ካውያውን አበላሽታችሁ ወይም ሶኬቱን አጣማችሁ ሰክታችሁ አይደለም።

አንዳንዴ ደግሞ ወዲያው አይወርድም። ለምሳሌ ማይክሮዌቭ ብቻውን 5.5 አምፔር ሲስብ፣ ትርፉ ትንሽ ስለሆነ ብሬከሩ ጥቂት ይታገሣል፤ ሲሞቅ ነው የሚወርደው። «ትናንት ሠርቶ የለ፣ ዛሬ ምን ነካው?» የሚባለው ለዚህ ነው። ትናንት ፍሪጁ አርፎ ነበር፣ ዛሬ ሞተሩ ተነሥቶ ነበር፤ ልዩነቱ ይኸው ነው።

ምን እናድርግ? አንደኛ፣ የመንግሥቱ መብራት የሚመጣበትን ሰዓት አውቃችሁ የሚተኮሰውን ልብስና የሚሞቀውን ውሃ ለዚያ ሰዓት አቆዩት። ሁለተኛ፣ የሚያሞቁ ሁለት ዕቃዎችን በአንድ ጊዜ አትክፈቱ። ማጠቢያው ውሃ እያሞቀ ከሆነ ካውያው ይቆይ። ሦስተኛ፣ ለማዳም በቁጥር ንገሯት፦ «ማዳም፣ ኢሽቲራክ ኸምሰ አምፔር ባስ፤ ካውያው ዘጠኝ ይፈልጋል» ብላችሁ ጽሑፉን አሳዩአት። ማዳም ሁሉ ትሰማለች ማለቴ አይደለም። ግን ከ«እኔ አይደለሁም» ይልቅ ዕቃው ላይ ታትሞ ያለ ቁጥር ይሻላል። ለባሏም ሆነ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው የሚታይ ማስረጃ ነው።

ሌላም አለ። መብራቱ ደካማ የሚሆንበት ጊዜ አለ አይደል? አምፖሉ ይፈዛል፣ ካውያው አይሞቅም፣ እናንተ ግን «ለምን ዘገየሽ» ትባላላችሁ። ግፊቱ ወደ 180 ቮልት ወረደ እንበል። የዚያ የመጀመሪያው ካውያ እንቅፋት 22 ኦም መሆኑ አይለወጥም። ስለዚህ፦
አምፔር፦ 180 ÷ 22 = 8.2 ገደማ
ዋት፦ 180 × 8.2 = 1476 ገደማ

2200 ዋት የነበረው ካውያ 1500 እንኳን አልሞላም፤ ጉልበቱ ሲሶውን ያህል ሄዷል። ቮልቱ የቀነሰው ከአምስት አንዱን እንኳን ሳይሞላ ነው። ይህም የሆነው ግፊቱ ሲቀንስ ኮረንቱም አብሮ ስለሚቀንስ ነው፤ ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል።

5. ማከፋፈያና የሚሞቅ ሶኬት

ከመካከላችን የአንዷን ታሪክ ልንገራችሁ። በክረምት ካውያውንና 1500 ዋት የክፍል ማሞቂያውን በአንድ ኤክስቴንሽን ሰክታ እንድትሠራ ታዘዘች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ኤክስቴንሽኑ ቀልጦ ምንጣፉን አቃጠለ። የምንጣፉ ዋጋ ከደመወዟ ተቆረጠ። ምን ብላ ትከራከር? እስቲ እኛ እናስላላት፦

ካውያ 2200 ዋት፦ 10 አምፔር
ማሞቂያ 1500 ዋት፦ 6.8 አምፔር
ድምር፦ 16.8 አምፔር

ኤክስቴንሽኑ ላይ የተጻፈው 10 አምፔር ነበር። ከአቅሙ በላይ ተሸክሞ ነው የቀለጠው።

ሽቦ ለምን ይሞቃል? ሽቦም ራሱ ትንሽ እንቅፋት አለው። ቮልት ማለት አምፔር ሲባዛ በኦም ስለሆነ፣ የጉልበቱን ሕግ እንዲህ ልንጽፈው እንችላለን፦

ዋት = አምፔር × አምፔር × ኦም

አምፔር ሁለት ጊዜ ነው የተባዛው። ስለዚህ ኮረንቱ እጥፍ ሲሆን የሽቦው ሙቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ላላ ያለ ወይም የጠቆረ ሶኬት ደግሞ ከሽቦውም ይብሳል። ላላ ያለችው ቦታ ግማሽ ኦም ብቻ እንቅፋት ቢኖራትና 10 አምፔር ቢያልፍባት፦ 10 × 10 × 0.5 = 50 ዋት። ድሮ የነበረውን ባለ 50 ዋት ትኩስ አምፖል ሶኬቱ ውስጥ እንደመቅበር ማለት ነው። ፕላስቲኩ ቢቀልጥ ምን ይገርማል?

ስለዚህ ዕቃ ስትነቅሉ ሶካቱን በጀርባ እጃችሁ ፈትሹት። ከሞቀ፣ ከሸተተ ወይም ከጠቆረ ተናገሩ፤ እስኪሠራም የሚያሞቅ ዕቃ አትሰኩበት። በተለይ በክረምት ማሞቂያ ሰክታችሁ በትንሽ ክፍል የምትተኙ፣ ማሞቂያውን በማከፋፈያ ሳይሆን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰኩት፤ ከብርድ ልብስ አርቁት፤ ከመተኛታችሁ በፊትም ንቀሉት።

6. ወደ ሀገር ቤት የሚላክ ዕቃ

ለእናት ማንቆርቆሪያ፣ ለእህት ካውያ የማይገዛ ማን አለ? ከሊባኖስ ወይም ከዱባይ የሚገዛው ከሀገራችን ግፊት ጋር ስለሚቀራረብ ችግር የለውም። በሳዑዲ ዓረቢያ ያሉ ዘመዶቻችን ግን ይጠንቀቁ። እዚያ ለብዙ ዘመን የቤት ሶኬት 127 ቮልት ነበር፤ መንግሥቱ ወደ 230 ቮልት ቀስ በቀስ ለመዛወር የወሰነው በ2010 ነው። ስለዚህ «110» ወይም «127» የተጻፈበት ዕቃ በተለይ በአሮጌ ዕቃ ገበያ ሊያጋጥም ይችላል።

110 ቮልት፣ 1100 ዋት የሆነ ማንቆርቆሪያ እናስላ፦
አምፔር፦ 1100 ÷ 110 = 10
ኦም፦ 110 ÷ 10 = 11

አዲስ አበባ ደርሶ 220 ላይ ሲሰካስ? እንቅፋቱ ያው 11 ኦም ነው።
አምፔር፦ 220 ÷ 11 = 20
ዋት፦ 220 × 20 = 4400

ግፊቱ እጥፍ ሆነ፣ ጉልበቱ ግን አራት እጥፍ! የአንድ ወር ላብ በአንድ ደቂቃ ተቃጠለ ማለት ነው፤ ቤቱንም ይዞ ባይሄድ ነው። ጽሑፉ «100-240» የሚል ከሆነ፣ እንደ ሞባይል ቻርጀር፣ በሁለቱም ይሠራል። ካልሆነ ግን ገንዘባችሁን አታውጡ።

7. ከሁሉም በላይ፦ ሰውነታችን ስንት ኦም ነው?

ኮረንቲው በእኛ ውስጥ ካለፈ እኛም እንቅፋት ነን። ደረቅ ቆዳ ብዙ ኦም አለው፤ እርጥብ ቆዳ ግን ወደ 1000 ኦም ገደማ ሊወርድ ይችላል። እጁ እርጥብ የሆነ፣ በባዶ እግሩ በእርጥብ ወለል ላይ የቆመ ሰው ባለ 220 ሽቦ ቢነካ፦

220 ÷ 1000 = 0.22 አምፔር

«0.22? ከፍሪጅ እንኳን ያንሳል» እንዳትሉ። በሺህ ስናባዛው 220 ሚሊ አምፔር ነው። ከ10 ሚሊ አምፔር ጀምሮ ጡንቻ ተኮማትሮ የያዙትን መልቀቅ ያቅታል። ከ50 እስከ 100 ሚሊ አምፔር የሆነው ደግሞ የልብን ምት አዛብቶ ሊገድል ይችላል። ደረቅ እጅም ዋስትና አይደለም፤ 220 ቮልት ቆዳን አልፎ መግባት ይችላል።

ሰውን ለማዳን የሚሠራ ብሬከር አለ፤ 30 ሚሊ አምፔር ሲያመልጥ ወዲያው ይዘጋል። «ቴስት» የምትባል ትንሽ ቁልፍ አለችው። ግን በሁሉም ቤት የለም። ተራው ብሬከር ደግሞ አያድነንም፤ 5 አምፔር እስኪሞላ የሚጠብቅ ብሬከር 0.22 አምፔርን ከነጭራሹ አያያትም።

ስለዚህ፦
ፍሪጅ፣ ምድጃና ማጠቢያ ስታጸዱ መጀመሪያ ከሶኬቱ ንቀሉ፤ ማጥፋት ብቻ አይበቃም።
በረንዳና መታጠቢያ ቤት በውሃ ስታጥቡ ጫማ አድርጉ፤ ኤክስቴንሽኑን ከወለሉ አንሡ።
ሲነኩት «ንዝር» የሚያደርግ ዕቃ ካለ ዳግመኛ አትንኩት። «ትንሽ ነው» ተብሎ አይናቅም፤ የዛሬው ትንሽ እጅ ሲረጥብ ትልቅ ነው።
ሰው በኮረንቲ ተይዞ ብታዩ በእጃችሁ አትጎትቱ። ብሬከሩን አውርዱ። ካልተቻለ በደረቅ እንጨት፣ በመጥረጊያ እጀታ፣ ለዩት። በሊባኖስ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 140 ነው፤ ቁጥሩን ዛሬውኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡት።

8. ጥያቄዎች

መልሱን ሳታዩ ሥሩ።
1ኛ. 220 ቮልት፣ 1760 ዋት የሆነ ካውያ ስንት አምፔር ይስባል? እንቅፋቱስ ስንት ኦም ነው?
2ኛ. በ5 አምፔር ኢሽቲራክ ፍሪጅ (150 ዋት)፣ ቴሌቪዥን (100 ዋት) እና አምስት አምፖሎች (እያንዳንዳቸው 10 ዋት) በርተዋል። ማዳም 900 ዋት የቡና ማሽን ክፈቺ አለች። ይችላል?
3ኛ. 110 ቮልት፣ 550 ዋት የሆነ ዕቃ 220 ላይ ቢሰካ ስንት ዋት ይሆናል?
4ኛ. ለሀገር ቤት 220 ቮልት፣ 3500 ዋት የእንጀራ ምጣድ ተገዛ። 10 አምፔር በተጻፈበት ኤክስቴንሽን ሊሰካ ይችላል?

መልስ
1ኛ. 1760 ÷ 220 = 8 አምፔር፤ 220 ÷ 8 = 27.5 ኦም።
2ኛ. የበራው 150 + 100 + 50 = 300 ዋት። 900 ሲጨመር 1200 ዋት፤ 1200 ÷ 220 = 5.5 አምፔር ገደማ። አልፏል። ቴሌቪዥኑና አንድ አምፖል ከጠፉ ግን 1090 ዋት ስለሚሆን ለጥቂት ይችላል፤ የፍሪጁ ሞተር በዚያው ሰዓት ካልተነሣ።
3ኛ. 550 ÷ 110 = 5 አምፔር፤ 110 ÷ 5 = 22 ኦም። በ220፦ 220 ÷ 22 = 10 አምፔር፤ 220 × 10 = 2200 ዋት። አራት እጥፍ!
4ኛ. 3500 ÷ 220 = 15.9 አምፔር። አይሰካም። ራሱን የቻለ ወፍራም መስመር ይፈልጋል።

በሚቀጥለው እትም ዋት በሰዓት ሲባዛ እንዴት የመብራት ሂሳብ እንደሚሆን፣ ቆጣሪውም እንዴት እንደሚነበብ እንማማራለን። እስከዚያው የምትሠሩበትን ቤት ዕቃዎች ጽሑፍ አንብባችሁ የየራሳችሁን ሰንጠረዥ ሥሩና በእሁዱ መገናኛችን ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እናርማለን። ያልገባችሁ ካለም ከዚያው ጠይቁኝ። ይህንን ወረቀት አንብባችሁ ስትጨርሱ መውጣት ለማይፈቀድላት እህታችሁ አድርሱላት። በሰላም ያገናኘን።